ሁለት ጊዜ የተከበበ

ባሌን ሻጉራዎች፣ እነዚያ ሰፈራችንን የሚጠብቁት የዱር ውሾች፣ መጀመሪያ የከበቡት ቲማቲም ሊገዛ ወርዶ ነው። አንድ ፌስታል ቲማቲም። ሌላ ምንም በእጁ አልነበረም። ይህን የምለው «ኪሩቤል ግን ምን ይዞ ነበር?» እያለ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን ስላልጠፋ ነው። ምንም! ቲማቲም ነው የያዘው፣ ያውም ግማሹ የላሸቀ።

በእኛ ሰፈር፣ በሰንበሌጥ ሳይት፣ ሰው ከብሎኩ ከመውጣቱ በፊት ደረጃው ሥር ቆሞ እጁን ወደ ታች ይዘረጋል። ሻጉራዎቹ በየብሎኩ እየዞሩ ያሸቱታል። ሥራ የረፈደበት፣ ትምህርት ቤት የሚሮጥ፣ ምጥ የያዛት፣ ሁሉም ቆሞ ይሸተታል። ሽቶ ክልክል ነው። መዓዛ ያለው ሳሙና ክልክል ነው። ሙሽራ እንኳ በሰርጓ ቀን በባዶ ውሃ ታጥባ ነው የምትወጣው። ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚወሰደው እሜቴ ዘንድ ነው። እሜቴ የመንጋው አለቃ ናት፤ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ቀይ፣ ጆሮዋ እንደ ጭልፋ የሰፋ። ሕፃኑን ከአናቱ እስከ ተረከዙ ታሸተዋለች። እናትና አባት ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። እሷ ፊቷን አዙራ ስትሄድ እልልታው ይቀልጣል፤ ልጁ የሰፈር ሰው ሆነ ማለት ነው።

እንስሶቹን አልጠላቸውም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። እንደነሱ ያለ ሥርዓት ያለው ፍጡር በሰንበሌጥ አላየሁም፣ ሰውንም ጨምሮ። የሚንቀሳቀሱት በስምምነት ነው። አንዱ ይነሳና ያስነጥሳል፤ የተስማማው ያስነጥሳል። እሜቴ ከጀመረችው ሁለት ሦስቱ ከተከተሏት በቂ ነው። ከታች ያለ አንዱ ምስኪን ከጀመረው ግን ግማሹ መንጋ ካላስነጠሰ ማንም ንቅንቅ አይልም። ልጆች በየመስኮቱ ሆነው «ይማርህ! ይማርሽ!» እያሉ ድምፅ ይቆጥራሉ። ሲያድኑም ተራ በተራ ነው። የፊተኛው ሲደክመው የኋለኛው ይቀበለዋል፤ ጅቡን ግን የሚቀበለው የለም። ስንት ዘመን ሆነው፣ በአጥራችን አጠገብ ጅብ ጮኾ አያውቅም።

ከአደን ሲመለሱ ደግሞ ቡችሎቹ ይበላሉ፤ ከዚያ ሻለቃ ይበላል። ሻለቃ ያልነው ሽማግሌውን ሻጉራ ነው። አንድ እግሩን ጅብ ሰብሮበታል፣ አደን ከወጣ ዘመን የለውም። ሥዕሉ በየደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «መተሳሰብን ከሻጉራ እንማር» ይላል። እንማር! ጠዋት ማታ በዚያ ሥዕል ፊት ስንመላለስ ኖርን። ምን ተማርን?

ወደ መክበቡ ልምጣ። መንጋው በመጣ ሰሞን አንድ ሌባ በአጥር ዘሎ ገባ። ሽቦው እግሩን ዘልዝሎታል፣ ደሙ እየተንጠባጠበ ነው፣ የሰው ኮምፒውተር በጉያው ይዟል። ሜዳው መሃል ሲደርስ ሻጉራዎቹ መጡና ከበቡት። አልነከሱትም፣ አልጮኹበትም። ዙሪያውን ክብ ሠርተው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ጥበቃዎች ደርሰው ጥሩምባ ነፉ፤ መንጋው ተበተነ፤ ሌባው ተያዘ። ሰፈሩ በደስታ ሰከረ። በማግስቱ ኮሚቴው ሕግ አወጣ፦ ሻጉራ የከበበው ሰው ጥፋት አለበት። አንዴ የተከበበ ይጠነቀቅ፤ ሁለት ጊዜ የተከበበ ከሳይቱ ይውጣ። ክቡ ሲሠራ ሳይረን ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ጥበቃዎች ጥሩምባ ነፍተው መንጋውን ይበትኑና ሰውየውን ይወስዳሉ። መስኮቱ የሚዘጋው ልጆች ደም እንዳያዩ ነው ተባለ። የትኛውን ደም? አንድም ቀን ደም ፈሶ አያውቅም። ግን ማንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም ዘጋን።

ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወጣ። ቀን ማታ የሚያስለው ሹፌሩ ጎረቤታችን ወጣ። ከወለደች ወዲህ ከአልጋ አልነሳ ያለችው የብሎክ አሥራ አራቷ ልጅ ወጣች። እማማ ሄርሜላም ወጡ። ፊት ለፊታችን ካለው በር ነበሩ፤ ስኳር ያለባቸው፣ እግራቸው ያበጠ፣ ቀልድ የሚወዱ አሮጊት። ሻንጣቸውን ያዘጋጀችው የገዛ ልጃቸው ኤልዳና ናት። «ሻጉራ አይዋሽም፤ እማዬ የሆነ ነገር ሠርታ ይሆናል» አለች ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሰፈሩ ከንፈሩን መጠጠና ወደ ጉዳዩ ሄደ። እማማ ሄርሜላ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የማንም ባልሆነ በረንዳ ላይ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

እንግዲህ ኪሩቤል በቲማቲሙ ጉዳይ የተከበበ ዕለት ጥበቃዎች በጥሩምባ አስጥለው አመጡት። ጫማው አንዱ የለም፣ ፌስታሉን ግን አልለቀቀም።

«ምን አደረግህ?» አልኩት ገና በሩን ሳይዘጋ።

«ቲማቲም ገዛሁ።»

«ኪሩ፣ አትቀልድ! ምን አድርገህ ነው?»

«ሜሊ ሙች፣ ምንም። አሸቱኝ፤ ከዚያ እሜቴ ሆዴን ደጋግማ አሸተተች፤ ከዚያ መጡ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጎኑን በእጁ ደገፍ አደረገ። «ምናልባት ቲማቲም አይወዱ ይሆናል።»

ጎኑን መያዝ ከጀመረ ሰንብቷል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። «ሙቀቱ ነው» ይለኛል፤ እኔም «ሙቀቱ ነው» እላለሁ። የእኛ ክሊኒክ ካርድ የሚሰጠው ላልተከበበ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ቀን በኋላ ሐኪም ጋ የሚያስገባን አልነበረም። የአሮጌው ከተማ ሐኪም ጋ እንዳንሄድ ደግሞ የተከበበ ሰው ከሳይቱ በር ከወጣ አይመለስም።

ጎረቤት ተለወጠ። ደረጃ ላይ ድምፃችንን ሲሰሙ በራቸውን ገርበብ አድርገው እስክናልፍ ይጠብቃሉ። ሃያ ዓመት አብረን ዕቁብ የጣልን ሰዎች! የውሃ ወረፋ ላይ ከኋላችን የሚቆም ጠፋ። ኤልዳና በራችን ፊት የነበረውን የአበባ ማሰሮዋን ወደ ውስጥ አስገባች። ይኼ ሁሉ ሲሆን ባሌ ይስቃል፤ እኔ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን የኮሚቴው ሊቀ መንበር ያፌት መጣ። ያፌት ክፉ መሳይ አይደለም፤ ክፉ ቢመስል ይሻለኝ ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ያዘነብላል። ልጃችን ስትዳር ከሚዜዎቹ ቀድሞ የጨፈረ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ሜላት፣ እንደ ወንድም ነው የመጣሁት» አለ። «ኪሩቤል ያጠፋው ነገር ካለ ቢናገር ለሁላችንም ይቀላል። እነሱ የሚያውቁትን እኛም ብናውቀው ጥሩ ነው።»

«እነሱ ምን ያውቃሉ?»

«እሱን ባሏን መጠየቅ የሚስት ነው።»

«ስማኝ ያፌት» አልኩት፤ አቶ ማለቱን ተውኩት። «ባሌ ሌባ ነው ለማለት ከመጣህ አፍ አለህ፣ በለው። እንስሳ ጀርባ ተደብቀህ ግን አትናገር።»

«እኔ ምንም አላልኩም። ሻጉራ አይዋሽም ነው የምለው።»

«ውጣልኝ!»

ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ እሱ ራሱ አንጀቴን አሳረረው።

ለሁለተኛ ጊዜ የተከበበው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኪሩቤል ጀሪካን ይዞ ወደ ውሃው ሲሄድ ከበረንዳ አየዋለሁ። ሜዳው መሃል ሲደርስ ቆመ። ጀሪካኑን አስቀመጠና ጎኑን ይዞ እጥፍ አለ፤ እዚያው ተንበረከከ። ከየብሎኩ ሥር ሻጉራዎቹ ብድግ ብድግ ሲሉ አየሁ። ሳይረኑ ጮኸ። በሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ልጁን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሮጠ። መስኮት ሁሉ ጓ፣ ጓ፣ ጓ እያለ ተዘጋ። አንድ ሰው ጎኑን ይዞ መሬት ላይ ወድቋል፤ አንድ ሙሉ ሰፈር መስኮቱን ይዘጋል!

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በነጠላ ጫማ ነበርኩ፤ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ። ስደርስ ክቡ ተሠርቷል። ፊት ለፊቴ የነበሩት ሁለት ሻጉራዎች አዩኝና ፈቀቅ አሉ፤ አሳለፉኝ። የአንዱ ትከሻ ጉልበቴን ነካው። ሙቅ ነበር። ባሌ አጠገብ መሬቱ ላይ ዘፍ አልኩ።

ጥበቃዎቹ ጥሩምባቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«እትዬ ሜላት፣ ይውጡ! ልንነፋ ነው!»

«ንፋና ታያታለህ!» አልኩ። «ጥሩምባውን ካፍህ አስጠጋውና እጅህን እሰብረዋለሁ! ማንም አይነፋም! መጣን ብላችሁ ስንቱን ወሰዳችሁ፤ ዛሬ ከወሰዳችሁ እኔንም ትወስዳላችሁ!»

ያልተከበበ ነዋሪ በክብ ውስጥ ሲኖር ምን እንደሚደረግ ሕጉ አይልም። ይህን ጥበቃዎቹ ፊት ላይ አነበብኩት። እርስ በርስ ተያዩና ያፌትን ጠሩ። ያፌት መጣና ከክቡ ውጭ፣ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ወይዘሮ ሜላት፣ ለራስሽ ነው። ምን እንደሚያደርጉ አይታወቅም።»

«አዎ አይታወቅም! አንድም ቀን እስኪጨርሱ አይተን አናውቅማ!»

ይህን ስል ምንም አውቄ አይደለም። ንዴት ነው የተናገረው። ኪሩቤል ግን አፌ ላይ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ሜሊ፣ ግቢ በናትሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«አርፈህ ተቀመጥ።»

እሜቴ አስነጠሰች። ሌላው ተከተለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። በቃ፣ ወሰኑብን አልኩ። ግማሾቹ ተነስተው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሮጡ። የቀሩት ክቡን ጠበብ አድርገው ቆሙ። ልብ ብዬ ሳይ ፊታቸው ወደ እኛ አይደለም። ወደ ውጭ ነው። ወደ ያፌት፣ ወደ ጥበቃዎቹ፣ ወደ ተዘጋው መስኮት ሁሉ ነው የሚያዩት።

ፀሐይ ወጣች፣ ከረረች። ነጠላዬን ባሌ ራስ ላይ ጣልኩለት። ቀስ በቀስ መስኮት መከፈት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ በስንጥቁ አየ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ሁሉም ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እንደ ኳስ ጨዋታ ያይ ጀመር። ውሃ ያቀበለን ግን የለም።

የሄዱት ሲመለሱ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ አፋቸው በደም ርሶ ነበር። እሜቴ ክቡን ሰንጥቃ ቀጥታ ወደ ኪሩቤል መጣች። ተደፍቼ አንገቱን በሁለት እጄ ሸፈንኩት። «እኔን ብዪ!» ብዬ የጮኽኩ ይመስለኛል። ትንፋሿ እጄ ላይ ተሰማኝ። ከዚያ ጉሮሮዋ ጎረበጠ፣ ሆዷ ተኮማተረ፣ እና ባሌ ጉልበት ሥር ትኩስ ሥጋ አስመለሰች። ፈቀቅ አለች። ሁለተኛው መጥቶ አስመለሰ። ሦስተኛውም። ሻለቃ እያነከሰ መጣና፣ ሥጋውን አሽትቶ ሳይነካ፣ ከኪሩቤል ጎን ተጋደመ። ቡችሎቹ ተንጋግተው መጥተው የባሌ ጀርባ ላይ ተለጠፉ።

እሜቴ ሥጋውን በአፍንጫዋ ወደ ባሌ ገፋ አደረገች። ብላ ማለቷ ነው።

«ወይ ሜሊ» አለ ኪሩቤል። «ታመሃል እያሉኝ እኮ ነው።»

መሳቅ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሹፌሩ ሳል ነበረበት። አራሷ ከአልጋ አልተነሳችም። እማማ ሄርሜላ እግራቸው አብጦ ነበር። ሌባው እንኳ፣ ያ ጉደኛ ሌባ፣ እግሩ ተዘልዝሎ ይደማ ነበር! የከበቡት ስለሰረቀ አይደለም። ስለ ስርቆት ምን ያውቃሉ? የታመመባቸውን ወገናቸውን ነው የከበቡት። ሊጠብቁት፣ ሊያበሉት። እኛ ደግሞ ገና ሥጋው ሳይመጣ ጥሩምባ እየነፋን፣ በሽተኛ በበሽተኛ ላይ እያስወጣን በር ስንዘጋ ኖርን።

ተነሳሁና ለየመስኮቱ ጮኽኩ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ ልደግመው አልችልም፤ አንዳንዱ ለጽሑፍ አይሆንም። የገባው ግን ገባው። ሴቶች አፋቸውን ሲይዙ አየሁ። የሹፌሩ ወንድም መስኮቱን ትቶ ወደ ውስጥ ሄደ። ያፌት ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ስብሰባ» አለ።

ከሰዓት በኋላ የመሰብሰቢያው አዳራሽ፣ ኮሙናሉ፣ ሞላ። እኔ አለቀ፣ ደቀቀ ብዬ ነበር። ሁሉም በዓይኑ አይቷል፤ ኪሩቤል ዛሬ ሐኪም ያየዋል ብዬ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ንግግሩም ደህና ነበር። አንዱ «ባለሙያ ይጠየቅ» አለ፤ ሌላው «እስከዚያ ሰውየው ይታከም» አለ፤ ጭብጨባም ነበር። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ኪሩቤል ከቀረ፣ ሌሎቹን ታዲያ ለምን አስወጣናቸው?» አለ።

  ሰው ሁሉ የሸኘውን ሰው በልቡ እያሰበ፣ ጫማውን ያያል። ያንጊዜ ነው የገባኝ። ኪሩቤል ንጹሕ ከሆነ እነሱ ንጹሕ አይደሉም። ምርጫው ይኼ ነው።

ኤልዳና ተነሳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ለቀስተኛ ለብሳለች።

«ይውጣ» አለች።

«ምን?» አልኩ።

«ይውጣ! ሕግ ሕግ ነው! ሻጉራ አይዋሽም ብላችሁኛል! ሁላችሁም ብላችሁኛል!» ወደ ሁሉም ዞረች። «ዛሬ ተነስታችሁ ተሳስተን ነበር ልትሉኝ አትችሉም። እኔ እናቴን በእጄ ነው ያስወጣኋት። በእጄ! ያንን እንዳትነኩብኝ። ይውጣ!»

ያፌት አንገቱን አዘነበለ። «ሐሳቡን የሚደግፍ» አለ፣ በዚያ በለስላሳ ድምፁ።

እጅ ወጣ። የሹፌሩ ወንድም እጅ ወጣ። የአራሷ ባል እጅ ወጣ። ማንንም ያላስወጡትም አወጡ፤ ጎረቤታቸው ሲያወጣ አዩዋ። ኪሩቤል አጠገቤ ተቀምጦ ጎኑን እንደያዘ አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ቂም እንኳ ፊቱ ላይ የለም። እኔ የለኝም አልልም። አለኝ። እግዜር ይይላችሁ አልኩ፤ ደግሜ አልኩ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። አውሬ የሚያበላውን በሽተኛ፣ ሰው ሲያስወጣው፣ በወሬ ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ለመውጣት የተሰጠን ጊዜ ዕቃ ለመሸከፍ አይበቃም ነበር። መድኃኒት፣ ብርድ ልብስ፣ የኪሩቤል ሹራብ፣ ሁለት ኩባያ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። አሮጌው ከተማ አንድ የማውቃት ነርስ አለች፤ በሕይወት ካለች እሷ ጋ ነው የምወስደው። እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማሰር ይታገላል፤ ሆዱ አላስጎነብስ ብሎት። ተንበርክኬ አሰርኩለት።

በሩ ተንኳኳ። ኤልዳና ናት። ነጠላዋ አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው፤ ዓይኗ አብጧል። ደጃፉ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ምን ቀረሽ?» አልኳት።

«እትዬ ሜላት…» አለች። የበሩን መቃን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። «የእማዬ ጊዜ… ጥሩምባው ባይነፋ ኖሮ… ለእሷም ያመጡላት ነበር?»

ኪሩቤል ቀና ብሎ አየኝ። ከእሷ ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር ነበር ዓይኑ። ተያት፣ አይታወቅም በያት፣ ይለኛል። አርባ ዓመት አብረን ኖረን ዓይኑ የሚለውን አላጣውም። እኔም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «ያመጡላት ነበር።»

ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩ፣ ባሌን በብብቱ ደግፌ አነሳሁት፣ ከደጃፉ ፈቀቅ እስክትልልን ጠበቅናት።